በእሜቴ ላይ የጻፍኩት አሥራ አንድ ገጽ

ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ስለ ባቡር የማላውቀው ነገር እንደሌለ እርግጠኛ ነበርኩ። ባቡር ነድቼ አላውቅም። እሳት የሚነድበት ቦይለር አጠገብም ቆሜ አላውቅም። የተማርኩት የናፍጣ ሞተር ነው። ነገር ግን አዳማ ያደግሁት ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳልርቅ ስለሆነ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያልፈውን ፉርጎ ስቆጥር ኖሬያለሁ፤ መቁጠሩንም እንደ ሙያ ይዤው ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ዲፕሎማዬን ይዤ ስወጣ የተመደብኩት ከአዳማ ወደ ደቡብ፣ ሐይቆቹን ይዞ በሚወርደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ አጠገብ ወደሚገኝ የቃጫ ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው የአንድ የውጭ አገር ሰው ነበር፤ አብዮቱ ሲመጣ ተወረሰ። የእኔ ሹመት «የጥገናና ትራንስፖርት ክፍል ኃላፊ» የሚል ነው። ክፍሉ ምን ምን እንዳለው ስጠይቅ፣ ጎማ የሌለው አንድ የጭነት መኪና፣ ጣሪያው የሚያፈስ ጋራዥና አንዲት የእንፋሎት ባቡር አሉት ተባልኩ።

ባቡሯን ሠራተኛው ሁሉ «እሜቴ» ይላታል። ትንሽ ናት፤ ጭስ ማውጫዋን ካልቆጠርን ቁመቷ ከአንድ ረጅም ሰው ብዙም አይበልጥም። ሀዲዷም ጠባብ ነው፤ ከእርሻው ተነስቶ በግራሮቹ መሃል እየተጠማዘዘ እስከ ፋብሪካው ድረስ ይመጣል። ሥራዋ የታጨደውን የቃጫ ቅጠል በፉርጎ መጎተት ነበር። የቃጫ ቅጠል ውሃ ያዘለ ከባድ ነገር ነው፤ ታጭዶ ቶሎ ካልተፋቀ ደግሞ ይደርቅና ክሩ ይበላሻል። ስለዚህ እሜቴ አንድ ቀን ካመመች ፋብሪካው በሙሉ ይታመማል። ስሟን ያገኘችው በጠባይዋ ነው። ጎህ ሳይቀድ ሄደው፣ አመድ ጠርገው፣ ባሕር ዛፍ ማግደው፣ ውሃ ሞልተው፣ ዘይት ቀብተው ሁለት ሰዓት ተኩል ካላገለገሏት ከቦታዋ አትነሳም። አንድ የፖለቲካ ትምህርት ኃላፊ «እሜቴ» የፊውዳል ቃል ነውና «ጓዲት» ትባል ብሎ መመሪያ አውጥቶ ነበር። ሠራተኛው በስብሰባ ላይ ጓዲት ይላታል፤ ከስብሰባ ሲወጣ እሜቴ።

ነጂዋ ወደ ስልሳ ዓመት የሚጠጉ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። እሜቴ በሣጥን ተበታትና ስትመጣ ከገጣጠሟት ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሌላ ሥራ ሠርተው አያውቁም። ጴንጤ ናቸው። በዚያ ዘመን ጸሎት ቤታቸው ስለተዘጋ እሑድ እሑድ አዳማ እየሄዱ ከአንድ ዘመዳቸው ቤት ከሌሎች ጋር በዝግታ ይጸልያሉ ይባላል። በዚሁ የተነሳ አንድ ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት ታስረው ተፈትተዋል። ከዚያ በኋላ በስብሰባ ላይ ከኋላ ይቀመጣሉ እንጂ አንዲት ቃል አይተነፍሱም።

የመጀመሪያ ቀን ልጎበኛቸው ስሄድ ክራቫት አስሬ፣ ደረት ኪሴ ላይ ሦስት እስክርቢቶ ደርድሬ ነበር። ሙቀቱ የስምጥ ሸለቆ ሙቀት ነው፤ ክራቫቱ አንገቴን ሊያንቀኝ ደርሷል። እሳቸው ከማሽኗ ሥር ወጥተው፣ እጃቸው ዘይት ስለነበር ክንዳቸውን ለሰላምታ ዘረጉልኝና «አካም ቡልቴ፣ ኢልመ ኮ» አሉኝ። በኦሮምኛ እንዴት አደርክ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ኃላፊ እንጂ ልጅ አለመሆኔን ለማስረዳት ፈጠን ብዬ፣ የማሽኗ የፈረስ ጉልበት ስንት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። በፈረስ ለክተዋት እንደማያውቁ፣ ዳገቱ ላይ ስምንት ሙሉ ፉርጎ እንደምትጎትት፣ ዝናብ ከጣለ ግን ስድስት እንደሚበቃት በትሕትና ነገሩኝ። እኔም «አያውቁም» ብዬ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ጥናት አዘጋጀሁ። አሥራ አንድ ገጽ ነው። ስለ እሜቴ የጻፍኩትን ለማወቅ ከእሜቴ ጋር የቆየሁት ግን በድምሩ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ነው፤ የቀረውን ከመጽሐፍ ገለበጥኩ። «ጊዜዋ ያለፈባት»፣ «ለዘመናዊ የአመራረት ሥልት እንቅፋት የሆነች»፣ «ከብረትነት ያለፈ ፋይዳ የሌላት» የሚሉ ሐረጎች ነበሩበት። እነዚህን ስጽፍ የተሰማኝን ደስታ አሁንም አስታውሳለሁ፤ ሰው በሰርጉ ቀን እንኳ እንደዚያ ደስ አይለውም። በእሷ ፋንታ ሁለት ትራክተሮች ከነተጎታቻቸው እንዲገዙ ሐሳብ አቀረብኩ።

ያስገረመኝ፣ የበላይ አካል ተቀበለው። ትራክተሮቹ መጡ። በጥናቴ የተደሰቱ ኃላፊዎች ወደ ውጭ አገር ለከፍተኛ ትምህርት ከሚላኩት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ስሜን አስገቡ። እሜቴ አንድ ትልቅ ግራር ሥር ቆመች፤ ነጂዋ ደግሞ የዕቃ ግምጃ ቤት ዘበኛ ሆኑ። ተቃውሞ አላሰሙም። ከጥበቃ በተረፋቸው ሰዓት ግን ጨርቅና የዘይት ቆርቆሮ ይዘው ወደ ግራሩ ሲሄዱ ከቢሮዬ መስኮት አያቸው ነበር። ለሥራ አስኪያጁ ዘይት እየባከነ ነው ብዬ ማስታወሻ ልጽፍ አስቤ ተውኩት። ከደግነት አልነበረም፤ ጽሕፈት ቤቱ ወረቀት ስለጨረሰ ነው።

ትራክተሮቹ አንድ የአጨዳ ወቅት ያህል በደንብ ሠሩ። ከዚያ ነዳጅ ጠፋ። ናፍጣ በኩፖን ሆነ፤ ኩፖኑም ሲደርስ ናፍጣው አይደርስም። አንድ ትራክተር ቆመ፤ በሳምንቱ ሁለተኛው ቆመ። እርሻው ላይ ቅጠል ታጭዶ ተከምሯል፤ ፋብሪካው ውስጥ መፋቂያው ማሽን ዝም ብሏል፤ ሦስት መቶ የምንሆን ሰዎች እጃችንን አጣጥፈን አጥር ላይ የሰፈሩትን ወፎች እናያለን። ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝና ባቡሯ ልትነሳ ትችል እንደሆነ ጠየቁኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው።

«ሰኞ ጠዋት ትንቀሳቀሳለች» አልኳቸው።

«ሽማግሌውን ላስጠራልህ?»

«አያስፈልግም፤ ቀላል ነገር ነው።»

ያን ያልኩበት ምክንያት ግልጽ ነው። «ከብረትነት ያለፈ ፋይዳ የሌላት» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ሄጄ እንዴት እንደምትነሳ ያሳዩኝ ማለት አፈርኩ። ሽማግሌው እሑድ አዳማ እንደሚሄዱ አውቃለሁ። እሳቸው ሳይኖሩ አስነስቻት፣ ሰኞ ሲመጡ «ይኸው» ልላቸው አሰብኩ።

እሑድ ጠዋት ከጋራዡ ሁለት ሰዎች ይዤ ሄድኩ። ውሃ በበርሜል እያመጣን ሞላን። የውሃውን መጠን የሚያሳየው የብርጭቆ ቱቦ እስከ ግማሹ ውሃ ይታይበት ነበር፤ መጽሐፉም ግማሽ ከሆነ ይበቃል ይላል። እሳት አነደድን። በሦስት ሰዓት ውስጥ እንፋሎት ያዘች። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ፣ ሽማግሌው ያን ሁሉ ዓመት ምን ሲያካብዱ እንደኖሩ እንዳስብ አደረገኝ። ከዚያ ፊሽካዋን ነፋሁት። ከሠራተኛው መንደር ሰው ግር ብሎ ወጣ። እንደገና ነፋሁት። ወደፊት ሃምሳ ሜትር፣ ወደኋላ ሃምሳ ሜትር ወሰድኳት፤ አጨበጨቡልኝ። ስለዚህ ደገምኩት። ለአንድ ሰዓት ያህል ይህንኑ ስሠራ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ግን ከግማሹ ንቅንቅ አላለም። እኔም ይህን የቆጣቢ አነዳዴ ምልክት አድርጌ ወሰድኩት።

በኋላ እንደተረዳሁት፣ የብርጭቆው ሁለት መዝጊያዎች ተዘግተው ነበር። ባቡሯ እንድትቆም ሲደረግ ሽማግሌው ብርጭቆው እንዳይበላሽ ዘግተዋቸዋል። እኔ ሳይ የዋልኩት ያለፈውን ዓመት ውሃ ነው። በቦይለሩ ውስጥ ያለው እውነተኛው ውሃ እያለቀ ነበር።

ከምድጃው በላይ ባለው የቦይለሩ ወለል ላይ መሃሏ በእርሳስ የተሞላ አንዲት ታፖ፣ የብረት ውታፍ ማለት ነው፣ አለች። ውሃው አልቆ ወለሉ ራቁቱን ሲቀር እርሳሱ ይቀልጥና እንፋሎቱ ወደ እሳቱ ይወርዳል፤ ቦይለሩ ከመፈንዳት የሚድነው በዚህ ነው። ይህን መጽሐፉ ጽፎታል፤ እኔ ያልገለበጥኩት ገጽ ላይ ነበር። ታፖዋ ስትቀልጥ እሜቴ እንደ ሰው ጮኸች። ከምድጃው አፍ አመድና እንፋሎት ተቀላቅሎ ወጣ። ሁለቱ የጋራዥ ሰዎች በግራ በኩል ዘለሉ፤ እኔ በቀኝ በኩል ዘለልኩ። በግራ በኩል ሣር ነበር። በቀኝ በኩል የቃጫ ዝቃጭ የሚፈስበት ቦይ ነበር።

ከቦዩ ስወጣ አንድ ጫማዬ የለም፤ ቅንድቦቼም የሉም። የመንደሩ ሰው በሙሉ ቆሞ ያያል። ማንም አልሳቀም፤ ያ ነው ይበልጥ የጎዳኝ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አውርዳ ፊቴን ጠረገችልኝና ለራሷ ልጅ በሚነገር ድምፅ «አይዞህ፣ ትለምደዋለህ» አለችኝ።

ሽማግሌው ሰኞ ጠዋት ሲመጡ ወሬው አዳማ ድረስ ደርሷቸው ይሁን ወይም በር ላይ ሰምተው አላውቅም፤ በቀጥታ ወደ እሜቴ ሄዱ። እኔ ከኋላ ተከትዬ ቆምኩ። ምድጃው ውስጥ ገብተው ወለሉን በትንሽ መዶሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየመቱ አዳመጡ። ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው። ከወጡ በኋላ ወለሉ አልተጎዳም አሉኝ። ከዚያ የተቃጠለውን ቅንድቤን አዩ።

«ኢልመ ኮ፣ ታፖዋ ባትቀልጥ ኖሮ ዛሬ የአንተና የእነዚያ የሁለቱ ልጆች ለቅሶ ላይ ነበርን።»

«አውቃለሁ፣ አባባ።» አባባ ስላቸው ያን ቀን ነው የጀመርኩት፤ ከዚያ በፊት «ጓድ ነጂ» ነበር የምላቸው።

«ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ሲወዛወዝ ካላየህ፣ ውሃ አይደለም፤ ሥዕል ነው። መዝጊያውን ከፍተህ አፍስሰው፤ ተመልሶ ከሞላ እመነው።»

ሌላ የወቀሳ ቃል አልተናገሩኝም። ቤታቸው በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀመጧቸው ሁለት መለዋወጫ ታፖዎች ነበሯቸው፤ አንዷን አምጥተው ገጠሙ። ለሥራ አስኪያጁ ታፖዋ ስላረጀች እንደቀለጠች ነገሯቸው። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ቅንድብ እያዩ አመኗቸው።

ረቡዕ ዕለት እሜቴ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ፉርጎዎች ይዛ ወደ ፋብሪካው ገባች። እሳት የሚያነድደው ሰው ማን እንደነበር ልንገራችሁ፤ የጥገናና ትራንስፖርት ክፍል ኃላፊው ነው። የቀድሞው እሳት አንዳጅ ወደ አዋሽ ዳር ሥራ ለውጦ ስለሄደ ሌላ ሰው አልነበረም፤ እኔም ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ መስታወት ከማየት ይሻለኛል ብዬ ጠየቅኋቸው። እንጨት መማገድ ጉልበት ይመስለኝ ነበር። ለካ ጉልበቱ አይደለም። ዳገቱ ከመድረሱ በፊት መቼ እንደሚጨመር፣ ቁልቁለቱ ላይ መቼ እንደሚተው፣ የትኛው እንጨት ቶሎ ነድዶ የትኛው ፍም ይዞ እንደሚቆይ ማወቅ ነው። በመጀመሪያው ወር ዳገቱ መሃል ሦስት ጊዜ እንፋሎት አሳጥቻት ቆመናል። ስንቆም ሽማግሌው አይናደዱም፤ ከማሽኗ ይወርዱና ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ፤ እኔ እሳቱን እስካነቃ ድረስ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ለእኔ እየጸለዩ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ለባቡሯ ነው አሉኝ።

ቀስ በቀስ ሥራው ገባኝ። እሳቸውም በሥራ መሃል ይነግሩኝ ጀመር፤ ሣጥኖቿ አዳማ ጣቢያ ሲራገፉ እንዴት እንደነበር፣ አንድ የክረምት ጎርፍ ሀዲዱን ጠርጎት ከነፉርጎዋ አሸዋ ውስጥ አሥር ቀን እንደተቀመጠች፣ በሬ ጠምደው እንዳወጧት። ይህ ሁሉ በእኔ ጥናት ውስጥ «የአገልግሎት ታሪክ፦ አልተገኘም» ተብሎ በአንድ መስመር ተጽፎ ነበር።

ያን ወቅት አንድም ቅጠል ሳይደርቅ ጨረስን። በዚያው ሰሞን ደብዳቤ መጣ። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ብረት ሁሉ ተሰብስቦ ወደ ብረት ማቅለጫ እንዲላክ የሚያዝ ነው፤ ከእኛ ፋብሪካ የሚጫነው ዝርዝር አናት ላይ እሜቴ አለች። ማስረጃው ተያይዟል፤ አሥራ አንድ ገጽ፣ የእኔ ፊርማ ያለበት። ጉዳዩን በቦታው አይቶ የሚወስን ሦስት ሰዎች ያሉት ኮሚቴ ከአዲስ አበባ እየመጣ ነበር።

አሁን ጀግንነቴን ልናገር። መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ጥናቱን ማጥፋት ነበር። ወደ ጸሐፊዋ ሄጄ ከማኅደሩ ውስጥ ያለችው ኮፒ ብትጠፋ ምን ይመስልሻል አልኳት። አራት ኮፒ እንድታወጣ ራሴ አዝዣት እንደነበር አስታወሰችኝ፤ ካርቦኑን እንኳ አላሳሳትኩም አለች። ሁለተኛው እቅዴ በኮሚቴው ቀን ሆዴን ሊያመኝ ነበር። ይህን ሳሰላስል ሽማግሌው እሜቴን ሲወለውሉ አገኘኋቸው። ስለ ደብዳቤው ሰምተዋል። እሳቸው ስብሰባ ላይ ቢናገሩ ጴንጤነታቸው ይነሳና ነገሩ ለእሷም ለእሳቸውም ይብስባቸዋል፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። የውጭ ትምህርቴም ያለው በዚያ ጥናት ላይ ነው፤ ይህን ደግሞ እኔ አውቃለሁ።

«አባባ፣ ምን ልበል?»

«ያየኸውን።»

«ያየሁት ይበቃል?»

ጨርቁን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ለምን አይበቃም? ያላየኸውን አይደለም እንዴ አሥራ አንድ ገጽ የጻፍከው?»

ስብሰባው በምግብ አዳራሹ ተደረገ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጨዋ፣ ደከም ያለ፣ መነጽሩን ደጋግሞ የሚያጸዳ ሰው ነበር። ጥናቱን ከዳር እስከ ዳር አነበበው፤ እኔ የጻፍኩት ነገር እንደዚያን ቀን ረጅም ሆኖ አያውቅም። ሲጨርስ አስተያየት ያለው ካለ ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ ጣሪያውን አዩ። እኔ ተነሳሁ።

«ጥናቱ ስሕተት ነው» አልኩ። «የጻፈው ሰው ባቡሯን አያውቃትም ነበር።»

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። «የጻፈው የክፍሉ ኃላፊ ነው። የት ነው ያለው?»

«እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን በሥርዓት አላስታውሰውም። ናፍጣ ሲጠፋ ምን እንደሆነ፣ ስንት ፉርጎ እንደጎተተች፣ ዳገቱ ላይ በእኔ ጥፋት እንጂ በእሷ እንዳልቆመች ተናገርኩ። ስለ ታፖዋም ተናገርኩ፤ አርጅታ እንዳልሆነ፣ ልሸከመው የማልችለውን ሥራ ያለ አስተማሪ ጀምሬ ሦስት ሰው ልገድል እንደነበር። ሽማግሌው ከኋላ ሆነው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ያዩኝ ነበር። እዚያ ላይ ሰብሳቢው ይህ ግለ ሂስ ስለሆነ በቃለ ጉባኤ ይያዝ አለ። በዚያ ዘመን ግለ ሂስ ከተጀመረ ሌላውም መጨመር አለበት። አንድ የመፋቂያ ክፍል ሠራተኛ ተነስቶ፣ ጓድ ኃላፊው ሂሳቸው ጥሩ ቢሆንም ጫማውን አልጠቀሱም አለ። ሰብሳቢው የምን ጫማ አለ። ነገሩት። ሰውየው መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው እሜቴ ላይ ወጥቶ እስከ እርሻው ደርሶ ተመለሰ። ነጂው ሽማግሌው ናቸው፤ እሳቱ የእኔ። ዳገቱን ሳንቆም ወጣነው። ውሳኔው በሁለት ሳምንት ደረሰ። ባቡሯ ነዳጅ እስኪስተካከል በሥራዋ ትቆይ፤ ከዚያም የሠራተኛውን ድካም የምታስታውስ ቅርስ ሆና በፋብሪካው በር ላይ ትቀመጥ። ሁለተኛ ደብዳቤም አብሮ መጣ፤ የእኔ የውጭ ትምህርት ለሌላ ፋብሪካ ባለሙያ ተሰጥቷል። ለሰው ሁሉ ምንም እንዳልመሰለኝ ነገርኩ። እውነቱን ለመናገር ለሁለት ዓመት ያህል ፖስታ ቤት በሄድኩ ቁጥር ተሳስተናል የሚል ደብዳቤ ስጠብቅ ነበር።

እሜቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ወቅት ሠራች። ቧንቧዎቿ አንድ በአንድ ማፍሰስ ሲጀምሩ ሽማግሌው ራሳቸው ይበቃታል አሉ። በሩ አጠገብ በሲሚንቶ መደብ አሠርተን አጭር ሀዲድ አነጠፍንበት። በመጨረሻው ቀን፣ ከግራሩ እስከ መደቡ ያለውን መንገድ አንተ ንዳት ብለው የእንፋሎት መክፈቻውን እጀታ ለቀቁልኝ። ሠራተኛው ግራና ቀኝ ተሰልፏል። በኖራ የተሰመረው መቆሚያ ላይ ደርሼ ፍሬን ስይዝ እንባ ይሁን ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባና አንድ ክንድ ያህል አለፍኩት። ልመልሳት ስል እንፋሎቱ አልቋል። እስካሁን የቆመችው ከመደቡ መሃል አንድ ክንድ ፈቀቅ ብላ ነው፤ የማያውቁ ሰዎች ግንበኛውን ይወቅሳሉ፤ እኔም አላርማቸውም።

ብረት ቆመ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። ይህንንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ውሃዋን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አፈሰስን፤ ውስጧን በቀስታ እሳት አደረቅን፤ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ በግሪስ ለወስን። ጭስ ማውጫዋ ዝናብ እንዳያስገባ ክዳን ፈለግን፤ ልኳ ሆኖ የተገኘው የምግብ አዳራሹ ትልቅ ድስት ክዳን ብቻ ነው። ወጥ ሠሪዋ ለአንድ ወር አላናገረችኝም፤ ሳህኔ ላይም ሥጋ አይታይም ነበር። ከላይ ቀይ ትቀባ የሚል መመሪያ ስለነበር ቀባናት። ሽማግሌው ቀለሙ ብረቱን ከዝገት ይጠብቃልና ምን ዓይነት ቢሆን ግድ የለም አሉ፤ መንኮራኩሮቿን ግን አላስነኩም። የመታሰቢያውን ጽሑፍ እኔ አረቀቅሁት። ሁለት ገጽ ሆነ። ሠዓሊው ሰሌዳው የሚይዘው አምስት መስመር ነው ብሎ የቀረውን ጣለው፤ በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ የተሻለው ያ አምስት መስመር ነው።

ሽማግሌው ጡረታ ወጥተው አዳማ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲል ግን በአውቶቡስ ይመጡና አብረን ግሪስ እንቀባት ነበር። በሦስተኛው ዓመት ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው ወንበር አመጣሁላቸው፤ እሳቸው ተቀምጠው እኔ ወጣሁ። የጭስ ማውጫውን ክዳን ሳነሳ ጎጆ የሠራች ወፍ ፊቴ ላይ ተነስታ በረረች፤ ደንግጬ የግሪሱን ቆርቆሮ ሸሚዜ ላይ ደፋሁት። ከአውቶቡስ መቆሚያው በኩል ሰዎች ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። ወፏ እንቁላል አላት ወይ ብለው ጠየቁኝ። አጎንብሼ አየሁ፤ ሦስት እንቁላል ነበር። ይህን ስነግራቸው ክዳኑን እንዳልመልሰው፣ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ በላስቲክ እንድሸፍንላቸው፣ በአንድ በኩል ግን መግቢያ እንድተው ነገሩኝ። ላስቲኩን ስሸፍን ገመዱን እንዴት እንደማስር ከወንበራቸው ሆነው እያዘዙኝ፣ እኔም እያበላሸሁ እየፈታሁ፣ አውቶቡሱ መጥቶ አልፎን ሄደ። ሌላ አውቶቡስ እስኪመጣ ድረስ በእሜቴ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሙዝ በላን።